ሚስቴን ያማራት ቆቅ

ይህ የገጠመኝ ዐምና ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ሳለ ነው። ልጃችንን ባጠብኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ደብረ ማርቆስ ባጃጅ እነዳለሁ። የሚስቴ አምሮት ጉድ ነበር። ብርቱካን አይደል፣ ጥሬ ሥጋ አይደል፣ የቆቅ ወጥ አማራት! እርጉዝ ያማራትን ካጣች ልጁ ገላ ላይ ምልክት ይወጣል ይባላል። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ቆቅ ገበያ አይወጣ፣ ከየት ላምጣ?

በዚያው ሰሞን ከጮቄ ተራራ ግርጌ የሚኖሩት አማቴ፣ የሚስቴ እናት፣ ለሣር አጨዳ ደቦ ጠሩ። አማች ከደቦ አይቀርም፤ ሄድኩ። ከተሜነቴ እንዳይታወቅብኝ እየተጣደፍኩ ሳጭድ አጫጆቹ ሳቁብኝ።

"ኧረ ቀስ በል አማች! ማጭድ ፍሬን የለውም!"

የጨበጥኩትን ሣር ገለጥ ሳደርግ አንድ ዓይን አየኝ። ቆቅ! ቆቅ እኮ ገና ኮቴ ስትሰማ ነው ብር የምትለው። ይቺ ግን እግሬ ሥር ተኝታ ንቅንቅ አላለችም። እግዜር ለሚስቴ ላከልኝ ብዬ ጃኬቴን አወለቅኩና ላፍናት ጎንበስ አልኩ። "እማ፣ አገኘሁላት!" ብዬ ጮኽኩ።

አማቴ እየሮጡ መጡ። ልጃቸው ምን እንዳማራት ያውቃሉ። አየት አደረጉና እጄን ያዙኝ። ቆቋ እንቁላል ታቅፋለች።

"ተዋት ልጄ፤ እቺም አራስ ናት።"

"ልጅዎን እኮ አምሯታል!"

"አውቃለሁ። ግን አራስ አርጄ ልጄን አላበላም። የሚመጣውን ማርያም ታውቃለች።"

ከአማት ጋር መከራከር ነውር ነው። ቅር እያለኝ ጃኬቴን መልሼ ለበስኩ። አጫጆቹ ዙሪያዋን ትተው አጨዱ። ሜዳው ነጻ ሲሆን ከብት ይለቀቅበታልና፣ እንዳይረግጧት የቀጋ እሾህ ቆርጠው አጠሩላት። ያ ሁሉ ሣር ታጭዶ መሃል ላይ የእሷ ብቻ ቆሞ ቀረ።

ባዶ እጄን ቤት ገባሁ። ለሚስቴ አልነግራትም ብዬ ነበር፤ አፌ አልያዘልኝም። ሆዷን ደግፋ ስትሰማኝ ቆየችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

"ማጭድ አጠገቧ ደርሶ እንኳ አልተነሣችም?"

"አልተነሣችም።"

"እሰይ! እንኳን አላመጣሃት።"

ከዚያ ወዲያ የቆቅ ወጥ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። እናቷ ጋ እየደወለች የምትጠይቀው "ፈለፈለች ወይ?" ብቻ ሆነ። አንድ ቀን "ጫጩቶቿን አስከትላ ወጣች" ሲሏት እልልታዋ ጎረቤት ጠራ።

ልጃችን ስትወለድ መጀመሪያ ያደረግኩት ገላዋን ማገላበጥ ነው። ትከሻዋ ሥር ቡናማ ነጥብ አገኘሁ። አማቴ "ማርያም ስማት ነው" ይላሉ። ሚስቴ "ቆቋ ናት" ትላለች። እኔ በዚህ አልገባም። ያኔ እንዳትወጣ ስፈራት የነበረችውን ነጥብ፣ ዛሬ ልጄን ሳጥብ መጀመሪያ የምስመው እሷን ነው።