ከሦስቱም ያስወጣሁት መልስ

የቦኖ ውሃችንን ጠባቂ ከሥራው ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ሰው «ሬዲዮው ነው» ይላል። ሬዲዮው የተናገረው በእኔ አፍ ነው።

ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ከየአካባቢው ዜና የሚልኩለትን ሰዎች አሠለጥናለሁ ሲል ከእኛ ሰፈር የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ፣ ኋላም ማታ ማታ እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የለኝም። ግን በእድሩም በቀበሌውም ስብሰባ «ይኼ አግባብ አይደለም» ብዬ የምነሳ እኔ ስለሆንኩ፣ «እሳቸው ይሂዱ፣ እኛም እንረፍ» ተባለ።

አሠልጣኟ የልጅ ልጄ ብትሆን የማይገርም ልጅ ናት። ሬዲዮው ከአንድ ቴሌቪዥንና ከድረ ገጽ ጋር አብሮ ስለሚሠራ፣ አንዱን ዜና ለሦስት ቦታ ማዘጋጀት አስተማረችን፤ ለሬዲዮ በጆሮ እንዲገባ፣ ለቴሌቪዥን በዓይን እንዲታይ፣ ለድረ ገጽ ደግሞ ሰው ስልኩን በጣቱ እየገፋ እንዳያልፈው። ለሬዲዮ አንድ ደቂቃ፣ ለቴሌቪዥን አርባ ሰከንድ፣ ለድረ ገጽ አንድ ርእስና ጥቂት መስመር።

«በአርባ ሰከንድ እኔ ሰላምታም አልጨርስ» አልኳት።

አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ፣ «እማማ፣ ለእርስዎ የሰላምታ ብቻ ጣቢያ ይከፈትልዎታል» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

በየቀኑ የምትደግምልን አንድ ነገር ነበር፤ «የተወቀሰውን ሰው ሳትጠይቁ እንዳትመጡ።» ይኼማ ድሮም የእኔ ነው ብዬ ተኩራራሁ።

የሥልጠናው የመጨረሻ ሥራዬ ቦኖው ሆነ። ጠባቂው በየቀኑ ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆልፈዋል። እኛም ጄሪካን ደርድረን ፀሐይ ላይ እንጠብቃለን። ያን ዕለት እግሬ እስኪያብጥ ቆሜ፣ ቁልፉን ይዞ ሲመጣ ስልኬን አፉ ሥር ደቀንኩበት።

«ለምንድን ነው የምትቆልፍብን?»

የአብነት ተማሪ የነበረ ሰው ነው፤ ነገር ከሥሩ ካልጀመረ አይሆንለትም። አራት ደቂቃ ተናገረ። ውሃው ጉልበት የለውም፤ እኛ ስንቀዳ ከላይ ያለው ጤና ጣቢያ አይደርስም። የወላድ ዘመዶች ጄሪካን ተሸክመው ዳገት ሲወጡ አይቶ፣ ለማዋለጃው እንዲጠራቀም ብሎ መቆለፍ ጀመረ። «እትዬ፣ ለራሴ ብዬ አይደለም፤ ለሰልፉ ብናገር ማን ይሰማኛል?» አለኝ።

አሠልጣኟ ቀረጻውን አዳምጣ፣ «ጥሩ ነው፣ ግን ረዘመ። የቱ ይውጣ?» አለች። እሷ አልቆረጠችም፤ እኔን ነው የጠየቀችኝ። «ለወላዶች ነው» የሚለውን ብቻ ባቆይ ይበቃ ነበር። እግሬ ግን ገና ይጠዘጥዘኝ ነበር።

«ያለው ሁሉ ሰበብ ነው፤ ይውጣ» አልኩ። «ጠይቀነው ምክንያቱን ነግሮናል ብለን እንለፍ።»

«እርግጠኛ ነዎት፣ እማማ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

በሬዲዮ ሲተላለፍ አማኑኤል ከተማ ያለችው እህቴ ደውላ በእልልታ ጆሮዬን አደነቆረችው። ቴሌቪዥኑ የተደረደረውን ጄሪካንና የተንጠለጠለውን ቁልፍ አሳየ። ድረ ገጹ ላይ የጠባቂው ፎቶ ወጣ፤ ከላዩ «ሰፈሩን ውሃ ያስጠማው ጠባቂ» ይላል። ርእሱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ተጨብጭቦልኛል።

በሳምንቱ የውሃ ኮሚቴው ቁልፉን ተቀበለው። ቦኖው ቀኑን ሙሉ ክፍት ሆነ። ብዙም ሳይቆይ የጎረቤቴ ልጅ ምጥ ያዛትና፣ እናቷ ከጤና ጣቢያው ጄሪካን ይዛ ቁልቁል ስትሮጥ በደጄ አለፈች። «ጠብታ የለም! ጠብታ የለም!» ትላለች።

ጠባቂው ቤት ሄድኩ። በርጩማ አውጥቶ አስቀመጠኝ፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ነግሬዎት ነበር» አለ። «ስልኩ በእጅዎ ነበር።»

ልጁ ከጓዳ ወጥታ አየችኝና ተመልሳ ገባች። ትምህርት ቤት ጓደኞቿ ፎቶውን እያሳዩ «አስጠሚው» እንደሚሏት ኋላ ሰማሁ።

ይታረም ብዬ ደወልኩ። ሬዲዮው አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረ፤ ያውም በገበያ ቀን፣ ሰው ቤቱ በሌለበት ሰዓት። ቴሌቪዥኑ ጊዜው አልፏል አለ። ድረ ገጹ አነሳው፤ ሰው በየስልኩ የተቀባበለውን ግን ማን ይሰበስበዋል?

በእኛ ዘንድ በአደባባይ የበደለ በአደባባይ ይክሳል። ስለዚህ ትናንት ቦኖው ጋ ሄጄ ጥፋቴን ተናገርኩና፣ ቀረጻውን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ ለሰልፉ ከፈትኩት።

«ይተዉት እንጂ እትዬ!» አለች ከፊት ያለችው። «እንደ ልባችን እየቀዳን ነው። ነገር አይቀስቅሱብን።»

«ጤና ጣቢያውስ?»

«እሱን መንግሥት ይወቀው» ብላ ቧንቧውን እስከ ጥግ ለቀቀችው። ውሃው ባዶውን ጄሪካን ሲመታ የሰውዬው ድምፅ ተዋጠ።

ጄሪካኑ እስኪሞላ ጠበቅኩ። ከዚያ ቀረጻውን ከመጀመሪያው ከፈትኩት። ከእንግዲህ አንዲት ቃል አልቆርጥበትም።