መቶ ሠላሳ ቀይ ምልክት

እትዬ ሳሙና የሚሏት ስሟ ጠፍቷቸው አይደለም፤ ከሰፈሩ የቦኖ ውሃ ጎን ባለችው የሲሚንቶ መደብ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ጎንበስ ብላ የሰው ልብስ ስታጥብ ቅጽል ስሙ ተጣብቆባት ቀረ እንጂ። ሁለት ልጆቿን ያሳደገችው በዚያች መደብ ነው። የአንገትጌ እድፍ አይታ የባለቤቱን ጠባይ ታውቃለች ስለሚባል፣ ሸሚዙን ሲሰጣት የማይሳቀቅ አልነበረም።

ጣጣው የቦኖው የፍሳሽ ቦይ ነበር። ከተደፈነ ቆይቷል፤ የእጥበቱ ውሃ በጎረቤቷ ባለሱቅ ደጅ ላይ ይተኛል፣ ሰውየውም አኩርፈዋታል። ቢሮ ለቢሮ ብትንከራተት "ነገ ነይ" ከማለት በቀር የሰማት የለም።

አንድ ቀን የከተማ ፕላን ባለሙያ መጣች፤ ታብሌት የያዘች፣ ትሑት ልጅ።

"እናቴ፣ ከእንግዲህ ፕላኑን የምታወጡት እናንተ ናችሁ። ካርታው ላይ የምትወዱትን ቦታ አረንጓዴ፣ ችግር ያለበትን ቀይ አድርጉ። ስልክ ያለው በስልኩ፣ የሌለው በዚህ።"

እትዬ ሳሙና ቦኖዋን ፈልጋ በእርጥብ ጣቷ ቀዩን ተጫነች። ከዚያ እጥበቷን ትታ ሳምንቱን ሙሉ በየደጁ ዞረች። "ቦዩ እንዲጠገንልኝ ቀይ ተጫኑልኝ" ስትል ማን እምቢ ይላታል? ባለሱቁ እንኳ ኩርፊያቸውን ትተው ተጫኑ። መቶ ሠላሳ ቀይ ሞላ።

ከሁለት ወር በኋላ ሰፈሩ ለስብሰባ ተጠራ። ፕላኑ ግድግዳው ላይ ሲበራ በቦኖው ቦታ የመኪና ማቆሚያ ተሥሏል።

"ቦኖውስ?" አለች እትዬ ሳሙና።

"ሕዝቡ ከሁሉ አብልጦ ችግር ነው ያለው እሱን ነው፤ ይነሳል" አለች ባለሙያዋ፣ ደስ እያላት።

"እኛ እኮ ይጠገን ነው ያልነው።"

ልጅቷ ታብሌቷን ነካካች፤ ፊቷ ጠቆረ። "ቀዩ ለምን እንደሆነ የሚጻፍበት የለውም፣ እናቴ። አሁን ደግሞ ጸድቋል።"

ባለሱቁ አንገታቸውን ደፉ። "ለአንቺ ብለን እኮ ነው።"

"አውቃለሁ፣ ጋሼ።"

የከፋባትም ማወቋ ነው። ቢሮው በጉልበቱ አፍርሶባት ቢሆን ረግማ፣ አልቅሳ ይወጣላት ነበር። አሁን ማንን ትርገም? ሰፈሩ ወዷት ያደረገው ነው፤ ደጅ ለደጅ የለመነችውም ራሷ ናት። ስብሰባው ሲበተን በሩ ላይ ቆማ፣ ስለተጫኑላት ሁሉንም በየተራ አመሰገነች።