ዮናስ የጾመበት ሁዳዴ

መጀመሪያ ያየሁት ከግራ ዓይኑ ከፍ ብላ ያለች፣ በመርፌ የተወጋች የምትመስል ቀዳዳ ናት። መስታወቱ ላይ ያለ እድፍ መስሎኝ በእጄ ጠረግሁት። አልለቀቀም። ጠጋ ብዬ ሳይ በቀኝ በኩልም ሌላ አለ። ጎኑ ላይ እንደ ፍም ይቀላ የነበረው ቀለም ዐመድ ለብሷል። መኖ የምሰጠው መስዬ እጄን ከውሃው በላይ ዘረጋሁለት፤ አልመጣም። ጥግ ይዞ፣ አፉን ወደ ታች ደፍቶ ቆመ።

ይህን የምጽፈው ኦስካር የሚባለውን ዓሣ ቤታቸው ለሚያሳድጉና ጭንቅላቱ ላይ እንዲህ ያለ ቀዳዳ አይተው ለደነገጡ ሰዎች ነው። ብዙ እንደማትሆኑ አውቃለሁ። በንፋስ መውጫ ከተማ ከእኔ ሌላ ያለም አይመስለኝ። ነገር ግን የታመመ ያስታመመ ሁሉ የምለው ይገባዋል፤ ደግሞም ነገሩ የዓሣው ብቻ ሆኖ አልቀረም።

ዓሣውን ያመጣሁት ለእናቴ ነው። አባቴ ስማዳ ውስጥ ሲያርፉ እናቴ መነኮሱ፤ ቆብ ደፉ። ከዚያ ወዲህ «አንቺ» ማለቴ ቀርቶ «እማሆይ» እያልሁ አንቱ እላቸዋለሁ። እኔና ባለቤቴ ብርቱካን ብቻቸውን አይቀመጡም ብለን ወደ ቤታችን አመጣናቸው። መጡ ይባል እንጂ አልመጡም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይውላሉ። ስናናግራቸው መልሳቸው «እህ» ነው። ምግብ ሲቀርብላቸው «በልቻለሁ» ይላሉ፤ መቼ እንደበሉ ግን ያየ የለም። ወገባቸው ላይ የሚጠመጠመው መቀነት በየሳምንቱ አንድ ዙር ይጨምር ጀመር።

እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ለሥራ ባሕር ዳር ሄጄ ሳለ ዝናብ አባረረኝና የጌጥ ዓሣ ከሚሸጥበት ሱቅ ገባሁ። ጣት የምታህል ጥቁር ዓሣ ከሌሎቹ ተለይታ ወደ መስታወቱ መጣችና ቆማ አየችኝ። ባለሱቁ «ይሄ ኦስካር ነው፤ ጌታውን ያውቃል» አለኝ። ገዛሁት። ውሃ በተሞላ ላስቲክ አድርጌ፣ እንዳይበርደው ጃኬቴ ውስጥ ሸጉጬ በሚኒባስ ተሳፈርሁ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት የጃኬቴን እብጠት አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ።

«ዓሣ ነው፣ አባቴ። ለእናቴ ነው።»

«ለወጥ አነሰሳ!» አሉኝ፤ ከልባቸው አዝነውልኝ።

አገራችን ስሟም እንደሚነግራችሁ ነፋስ የሚወጣባት ናት፤ ኦስካር ደግሞ የሞቃት ወንዝ ፍጥረት ነው። ስለዚህ ከገንዳው ጋር ውሃ ማሞቂያ ገዛሁ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሃይላንዶች ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልተን ክዳናቸውን አጥብቀን ገንዳው ላይ እናንሳፍፋለን፤ መስታወቱን በጋቢ እንጠቀልላለን። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ እኔና ብርቱካን ሙቅ ውሃ ስናፈላ እናቴ ከግድግዳው ዞር አሉ። ተነሡና የራሳቸውን ጋቢ አውልቀው ገንዳውን አለበሱት። ዓሣው በጨርቁ ክፍተት በኩል መጥቶ ጣታቸውን ተከተለ፤ ወደ ግራ ሲሉ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲሉ ወደ ቀኝ።

«ይህ እኮ አወቀኝ» አሉ። ቤታችን ከገቡ ሙሉ ነገር ሲናገሩ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ስሙንም ያወጡለት እርሳቸው ናቸው፤ ዮናስ አሉት። «እማሆይ፣ ዮናስ እኮ የተዋጠው ነው እንጂ ዓሣው አይደለም» ብላቸው፣ «ታዲያ የዋጠውን ስሙን ማን ያውቀዋል?» ብለው ዘጉኝ። ሥጋውን በትንንሹ ይከትፉለታል። እርሱ ጎርሶ ሲዞር እርሳቸውም ወደ ማዕድ ይመጣሉ። «ቀድሞኝ ይብላ» ይላሉ፤ ከበላ በኋላ በእውነት ይበላሉ። የመቀነቱ ዙር ቀነሰ። ብርቱካን ይህን አይታ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ሁዳዴ ሲገባ እኔ ለስልጠና ባሕር ዳር ተላክሁ። ደረቅ መኖ ትቼላቸው ነበርና አልተጨነቅሁም። በስልክ ስጠይቅ ዮናስ ደኅና ነው፤ እማሆይ ደኅና ናቸው። ተመልሼ ስገባ ነው እንግዲህ ያችን ቀዳዳ ያየሁት።

ዳግመኛ ስመለከት ከሆዱ በታች ነጭ ክር ተንጠልጥሏል። ሰገራው ነው። በፒፔት ቀድቼ ወደ ላቦራቶሪ ወሰድሁትና ስላይድ ላይ አድርጌ በማይክሮስኮፕ አየሁት። ባልደረቦቼ «የታማሚው ስም?» እያሉ ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ጥገኛ ተሐዋስያኑን አየኋቸው። ፍላጀሌት፤ ጭራቸው እንደ ጅራፍ የሚወናጨፍ። ይዋኛሉ፤ ብዙ ናቸው። መሳቄን ተውሁ።

ወደ እንስሳት ሐኪሙ ሄድሁ። «እኔ የማውቀው በሬና በግ ነው፤ ዓሣ ታሞ ሲመጣብኝ ያንተ የመጀመሪያው ነው» አለኝ። ቢሆንም አላባረረኝም፤ አብሮት ለተማረና በዓሣ ሀብት ለሚሠራ ሐኪም ደወለና ስልኩን ድምፁን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ያኛው ሐኪም በሽታው ሆል ኢን ዘ ሄድ፣ የራስ ላይ ቀዳዳ፣ እንደሚባል፣ ብዙ ጊዜ ሄክሳሚታ የተባለ ጥገኛ እንደሚገኝበት፣ መንስኤው ግን አንድ ብቻ ተብሎ እንደማይቆረጥ ነገረን። ሜትሮኒዳዞል ይሰጠው አለ፤ ያው ለአሜባ የምንወስደው። መጠኑን ለሐኪሙ አስረዳው። ውሃው ቶሎ ቶሎ ይቀየር፤ ሙቀቱ አይውረድ። ከዚያ «ምንድን ነው የሚበላው?» ሲል ጠየቀ።

አላውቅም ነበር። ለብርቱካን ደወልሁ።

«ንፍሮ ነው እንጂ» አለች። «አተርና ዳቦ። ጾም አይደል?»

ይህንኑ በስልክ ላለው ሐኪም ነገርሁት። «ኦስካር ሥጋ በል ነው» አለ። «ይህ ዓሣ ተርቧል።»

ቤት ስደርስ ብርቱካን ሁሉንም ነገረችኝ። እማሆይ በነነዌ ጾም ቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ሰምተዋል፤ በነነዌ ሰው ብቻ ሳይሆን ከብቱም ጾሟል። ሁዳዴ ሲቃረብ ይህ ነገር ከነከናቸው። ደረቁ መኖም የዓሣ ዱቄት እንዳለበት ሸትቷቸዋል። የንስሐ አባቴን ጠይቂልኝ አሏት። አባ ያኔ የድጓ ትምህርት ቤት ወዳለባት ወደ አገራችን ቤተ ልሔም ወጥተው ስለነበር ኔትወርኩ ለመደወል አይበቃም፤ ብርቱካን በቴክስት ጻፈችላቸው። ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ።

«አባ፣ እማሆይ ናቸው የሚጠይቁዎ። ዓሣ በጾም ይበላል ወይ?»

መልሱ ከሥር አለ። «አይበላም ልጄ።»

ሁለት ጊዜ አነበብሁት። አንድ ጊዜ አላልቼ፣ አንድ ጊዜ አጥብቄ። ብርቱካን አላልታ ጠየቀች፤ ዓሣው ራሱ የፍስክ ምግብ ይቀምሳል ወይ ማለቷ ነው። አባ አጥብቀው አነበቡት፤ ሰው ዓሣ ይበላል ወይ የተባሉ መስሏቸው። አጥብቀው መለሱ፤ እርሷ አላልታ አነበበች። ፊደላችን ሁለቱንም አንድ አድርጎ ይጽፋል። ጥፋተኛ ፈለግሁ። የለም። የምቆጣው ሰው ባገኝ ይሻለኝ ነበር።

ለእማሆይ እንዳትነግሪያቸው ልላት ዞር ስል በሩ ላይ ቆመዋል። ሁሉንም ሰምተዋል።

«ልጣጩን እየላጥሁ ነበር እኮ የምሰጠው» አሉ። «አንድ በአንድ። እንዳያንቀው ብዬ።»

«አውቃለሁ፣ እማሆይ።»

«የሚያየኝ ስለወደደኝ መስሎኝ። ርቦት ነው።»

ስልኩን ከብርቱካን እጅ ወሰድሁ።

ለአባ ደጋግመን ስንደውል አንድ ጊዜ ገባልን። «ኧረ በስመ አብ! እኔ እናንተ ልትበሉት መስሎኝ!» አሉ። «እንስሳ ምን ጾም አለበት? ስጡት፤ አሁኑኑ ስጡት።» ነገር ግን በሁዳዴ ሥጋ ከየት ይመጣል? ልኳንዳው ዝግ ነው፤ ከተማው ሁሉ ጿሚ ነው። ደረቁን መኖ ብንሰጠው አፉ አስገብቶ ተፋው። የስልኩ ሐኪም የመሬት ትል ሞክሩ አለን። እኔ ይህን ስናገር እናቴ መኮትኮቻ ይዘው ወጡ። ከጓሮ፣ የልብስ እጣቢ ከሚደፋበት ርጥብ አፈር ላይ ተንበርክከው ቆፈሩ። ትል ሲያዩ ይሰቀቁ የነበሩ ሴት በባዶ እጃቸው እየለቀሙ ጣሳ ውስጥ ጨመሩ። አጥበው አመጡት። ገንዳው ዘንድ ሲደርሱ ግን ጣሳውን ለብርቱካን ሰጧት።

«በእኔ እጅ አይሆንም» አሉ፤ ወጡም።

ዮናስ በመጀመሪያው ቀን አልበላም። በማግስቱም አልበላም። ከዚያ አንዲት ትል ወደ ታች ስትወርድ አፉን ከፈተ። ዋጣት። ቤቱ ውስጥ እልል ማለት የቃጣኝ እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ቀስ እያለ የሚሄድ፣ የሚያሰለችና ደስ የሚል ነበር፤ መድኃኒቱን ሐኪሙ እንዳዘዘው ትሉ ላይ እያደረግን፣ ያረፈ ውሃ እያሞቅን ከገንዳው በከፊል እየቀዳን እየተካን፣ መብራት ሲሄድ ሃይላንዱን እያሰለፍን ስንሰነብት፣ ነጩ ክር ጠፋ፤ የቀዳዳዎቹ ጠርዝ መጀመሪያ ነጣ፣ ቀጥሎ ወደ ውስጥ እየሞላ መጣ። ሰገራውን ደግሜ በማይክሮስኮፕ ስመረምር የሚዋኝ ነገር አላየሁም፤ ሐኪሙ ራሱ ሊያየው ወደ ቤታችን መጥቶ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ካየው በኋላ «ይድናል፤ ጠባሳው ግን አብሮት ይኖራል» አለኝ። ፋሲካ ሲደርስ ያ ፍም የመሰለው ቀለም ተመልሶ፣ ዮናስ ሰው ባለፈ ቁጥር ጅራቱን እያወዛወዘ መስታወቱን ተከትሎ ይሮጥ ጀመር።

እናቴ ግን በየቀኑ ትል እየቆፈሩ ያመጡ ነበር እንጂ አንድ ቀን እንኳ አልሰጡትም። በክፍሉ ሲያልፉ ነጠላቸውን በገንዳው በኩል ጋርደው ነው። እርሱ ያያቸዋል፤ እስከ ገንዳው ጫፍ ይሸኛቸዋል። ከማዕድ ርቀዋል። «በልቻለሁ» ተመልሳ መጣች።

አባ ከቤተ ልሔም ሲመለሱ አስመጣኋቸው። ሳያውቁ የሆነ ነው፣ ትንሽ ጸሎት ይበቃዎታል አሏቸው። እናቴ በፋሲካ ማግስትም እንደ ሁዳዴ እስከ ማታ ሳይበሉ እንደሚውሉ ስነግራቸው ተቆጡ።

«እማሆይ፣ እኔ ይህን አላዘዝሁም። በዓለ ኀምሳ ነው፤ አይጾምም! ተፈትተዋል ብያለሁ።»

«እርስዎ ፈቱኝ፣ አባ» አሉ እናቴ በቀስታ። «ሰው ቢሆን እግሩ ላይ ወድቄ ይቅር በለኝ እለው ነበር። እርሱም እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ ይለኛል፤ ያልቃል። ይህን በምን አፍ ልጠይቀው? ይቅር ማለቱንስ በምን ላውቅ?»

አባ ብዙ የተማሩ ሰው ናቸው። መስቀላቸውን አሳለሟቸውና ወጡ።

እናቴ ብዙም ሳይቆዩ ወደ ስማዳ መልሰኝ አሉ። ታናሽ እህታቸው እዚያው ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ አለች። ለመንኋቸው። ብርቱካን ለመነቻቸው፤ እያለቀሰች «እኔ ነኝ የጻፍሁት» አለቻቸው። «አንቺማ የጠየቅሁሽን ነው የጻፍሽው፣ ልጄ» ብለው ግንባሯን ሳሙ። በስማዳ መንገድ እየተንገጫገጩ፣ የመስኮቱን ብረት በቀጭን እጃቸው ይዘው አጠገቤ ተቀምጠው ሄዱ። አድርሻቸው ስመለስ መንገዱን ሙሉ አለቀስሁ፤ አላፍርበትም።

ሁለቱን ሐኪሞች አመሰግናለሁ፤ አንዱ በሙያው ያልሆነውን ታማሚ አልመለሰም፣ ሌላው ፊቱን አይቶት ለማያውቀው ሰው ስልኩን ሲያነሣ ሰነበተ። አባን አመሰግናለሁ፤ አሁንም ወገዳ ድረስ እየወረዱ ይጠይቋቸዋል። ብርቱካንን እንዴት እንደማመሰግናት አላውቅበትም።

ኦስካር ላላችሁ የምለው ይህ ነው። ጭንቅላቱን ዘወትር እዩ፤ ቀዳዳው ትንሽ ሳለ ይድናል። ሰገራው ነጭ ክር ከሆነ አትጠብቁ። ሜትሮኒዳዞል በየፋርማሲው ስላለ ብቻ በገዛ እጃችሁ አትስጡ፤ ሐኪም ይለካው። ከቤት ስትወጡ «ደኅና ነው?» ብቻ አትበሉ፣ ምን እንደበላም ጠይቁ። ታማሚውንም አፍጥጣችሁ ስታዩ ከኋላችሁ የቆመውን አስታማሚ አትርሱት። እኔ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ ነበር።

ዮናስ ዛሬ መዳፌን ያህላል፤ ከዓይኑ በላይ ሁለት ጎድጓዳ ጠባሳ አለው። እናቴ ከእህታቸው ስልክ ይደውላሉ። ስለ እኔ፣ ስለ ብርቱካን፣ ስለ ብርዱም ቢሆን አይጠይቁም።

«በላ?» ይላሉ።

«በልቷል፣ እማሆይ። ጠግቧል።»

«ተመስገን።»

«እርስዎስ?» እላለሁ። ይህን ጊዜ ስልኩ ተዘግቷል።