አባቱ ያላዩት ግማሽ

ቢራቱ ያደገው ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሠፈራችን የሐበሻ ልጆች የአሜሪካን ፉትቦል በመጫወት የመጀመሪያው እሱ ነበር። ሄልሜቱን አጥልቆ፣ ትከሻውን በመከላከያ አሳብጦ ሲወጣ እናቱ ወይዘሮ ከበቡሽ ከመስኮት ያማትቡ ነበር። አባቱ አቶ ዋቅጅራ ግን፣ "ኳስ ታቅፎ መሮጥ ምን ጨዋታ ነው? ይሄማ ዝርፊያ ነው!" ይሉ ነበር።

ልጁ በዚሁ "ዝርፊያ" ኮሌጅ በነፃ ገባ። በደወለ ቁጥር፣ "ዳዲ፣ አንድ ቀን ብቻ መጥተህ እየኝ" ይላቸዋል። አቶ ዋቅጅራ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ባለ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ስለሚሠሩ ቅዳሜ ኦፍ አያገኙም። የመጨረሻው ጨዋታው ሲደርስ ግን አለቃቸውን ለምነው ኦፍ ወሰዱ። ግራጫ ሱፋቸውን ለበሱ፤ ወይዘሮ ከበቡሽም ቆሎ በፌስታል ቋጥረው ተከተሏቸው።

አቶ ዋቅጅራ በወጣትነታቸው ከአዲስ አበባ ስታዲየም የማይጠፉ ሰው ስለነበሩ በኳስ ነገር የሚያርማቸው አይወዱም። ጥቂት እንደተጫወቱ ቡድኖቹ ሜዳ ተቀያየሩ።

"አየሽ፣ እነዚህ እረፍት እንኳ ሳይወጡ ሁለተኛውን አጋማሽ ጀመሩ" አሉ ለሚስታቸው።

የቢራቱ ቡድን በሰፊ ነጥብ እየተመራ ነበር። ቢራቱ ራሱ ሁለቴ ኳስ ከእጁ ጣለ። ከዚያ ተጫዋቾቹ ሁሉ ወጡና ሜዳው በማርሽ ባንድ ተሞላ።

"በቃ፣ አለቀ" አሉ አቶ ዋቅጅራ።

"ልጁን ሰላም ሳንለው?"

"ተሸንፎ በምን ዓይኑ ያየኛል? አታሳፍሪው፤ ተነሺ።"

በአሜሪካን ፉትቦል ግን ሜዳ የሚቀያየሩት በየሩቡ ነው፤ ባንዱም የገባው ለእረፍት እንጂ ጨዋታው ገና እኩሌታው ነበር። ቢራቱ ከእረፍት ሲመለስ ወንበራቸው ባዶ ሆኖ አገኘው። ቡድኑን ከሽንፈት ያወጣውን ነጥብ ያስቆጠረው እሱ ነው፤ ጓደኞቹ ተሸክመውት ዞሩ። ማታ ደውሎ፣ "አሸነፍን" ብቻ አለ። አቶ ዋቅጅራ፣ "እንኳን ደስ ያለህ" ብለው ስልኩን ለሚስታቸው አቀበሉ። ስህተታቸው ያኔውኑ ገብቷቸዋል፤ ግን ኳስ አላውቅም ብሎ ለልጅ መናገር ከበዳቸው።

ቢራቱም ዳግመኛ ና አላላቸውም። መጀመሪያ ረዳት አሠልጣኝ ሆነ፤ ኋላም ቨርጂኒያ ያለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ዋና አሠልጣኝ አድርጎ ቀጠረው። አቶ ዋቅጅራ ፎቶውን ከጋዜጣ ቆርጠው፣ መኪና ለሚያቆመው ሁሉ እያወጡ ያሳዩ ነበር። ሳይጠሩ መሄድ ግን አልሆነላቸውም። ባለፈው የካቲት አረፉ።

ለቅሶው ላይ ቢራቱ እናቱ አጠገብ ተቀምጦ፣ "ማሚ፣ የዚያን ቀን አፍሮብኝ ነው ጥሎኝ የሄደው" አለ። "ከዚያ በኋላ ላስቸግረው አልፈለግሁም።"

ወይዘሮ ከበቡሽ ደንግጠው ቀና አሉ። "ማን? አባትህ? ጨዋታው ያለቀ መስሎት ነው እንጂ!"

ሜዳ መቀያየሩን፣ የማርሽ ባንዱን፣ ሁሉንም ነገሩት። ቢራቱ ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው ፊቱን በነጠላቸው ሸፈነ።

"ታዲያ ለምን አልነገረኝም?"

"አንተስ ለምን ሄድክ ብለህ መች ጠየቅኸው?"

ከአባቱ ቤት እስከሚያሠለጥንበት ሜዳ በመኪና አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም።