የአምስት ሎሚ መብራት

ሶዶ ላይ ከማስተምርበት ክፍል ጠርተው ነው የወሰዱኝ፤ ደብተሬን እንኳ ጠረጴዛው ላይ ትቼው ነበር። ያሰሩኝ ቤት ድሮ የእህል መጋዘን ነበረ። መስኮቱ በቆርቆሮ ተመትቷል፤ በእኩለ ቀን ብርሃን የሚገባው በበሩ ስር ብቻ ነው። ከጣሪያው ሽቦ ተንጠልጥሏል፤ አምፖልም መብራትም የለውም። ሁለት ሰዎች አገኘሁ። አንዱ የከሰረ ነጋዴ፣ እንደ እኔው ወሬ የሚወድ። ሌላው ጥግ የያዘ ጎልማሳ፣ ከመጣ ጀምሮ አንድ ቃል ያልወጣው።

"ከሌላ እስር ቤት አዛውረውት ነው፣ መምህር። ተወው" አለኝ ነጋዴው በሹክሹክታ።

እኔ መተው የት አውቄ! የኬሚስትሪ መምህር ነኝ፤ ዝም ያለ ሰው ሳይ ትምህርቱ ያልገባው ይመስለኛል።

አንድ ቀን የነጋዴው ሚስት ለጉንፋኑ ብላ አምስት ሎሚ ላከችለት። ሳሸተው መላ መጣልኝ፤ "ከዚህ መብራት እንሠራለን" አልኩ። ከተንጠለጠለው ሽቦ ቆርጬ ላስቲኩን በጥርሴ ላጥኩ፤ መዳቡ ወጣ። ከወለሉ የቆርቆሮ ሚስማር ለቀምኩ። ጋዙ ካለቀ የነጋዴው ላይተር ላይ ሚጢጢዋን መብራት ፈልቅቄ አወጣሁ።

"ሎሚ መብራት ሲሆን አይተህ ታውቃለህ?" ብሎ ሳቀብኝ ነጋዴው።

"ሎሚውማ አገናኝ ነው" አልኩ። "የሚበላው ሚስማሩ ላይ የተለበጠው ዚንክ ነው። አሲዱ ውስጥ ሲሟሟ ኤሌክትሮን ይለቃል፤ ያ በሽቦው አድርጎ ወደ መዳቡ ይሄዳል። አንድ ሎሚ አቅም የለውም፤ አምስቱ ሲያያዙ ግን ኤሌክትሪክ ነው!"

ድምፄን እንደ ክፍል ውስጥ ከፍ አድርጌ ነበር።

በየሎሚው ሚስማርና መዳብ ሰክቼ አያያዝኳቸውና ሁለቱን ጫፎች ከመብራቷ ጋር አነካካሁ። በራች። ሙቀት የሌላት፣ ሰማያዊ ቀለም ያላት ነጥብ። የነጋዴው ጥርስ ብቻ ታየኝ። ያኔ ከጥግ ጨርቅ ሲንሿሿ ሰማሁና መብራቷን አዞርኩ።

ሰውየው በጀርባው ተኝቷል። ካልሲዎቹን አውልቆ ጎን ለጎን አስቀምጧል። ባዶ እግሮቹን ወደ እኔ ዘርግቶ የሸሚዙን ኮሌታ ነክሷል። ማንም አላዘዘውም። "ኤሌክትሪክ" ያልኩትን ሰምቶ እኔን ነበር የሚጠብቀው።

"ጌታ ሆይ!" አለ ነጋዴው።

አፈርኩ። ፈራሁም፤ ሽቦ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አጠገቡ ተንበርክኬ "ወንድሜ፣ ሎሚ ነው። እንካ፣ አንተ ያዘው" አልኩት። ጫፎቹን በእጁ አስይዤ ምላሴን አወጣሁለት። ቀስ ብሎ ጫፎቹን ምላሴ ላይ አሳረፈ። ነዘር አደረገኝ፤ ብረት ብረት አለኝ።

"አየህ? ምንም አይልም። አንተስ ትቀምሰዋለህ?" መምህርነት ክፉ ነው፤ አይጠግብም።

ኮሌታውን ከአፉ አወጣ።

"በቃ" አለ።

የመጀመሪያ ቃሉ ነበር። ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ። የመጨረሻው እስኪወጣ ትንፋሹን ይዞ ነበር። ከዚያ ተነስቶ ተቀመጠ፤ ካልሲዎቹን ሲያጠልቅ ሰማሁ።

በማግስቱ ወሰዱት። ስሙን እንኳ አልነገረንም። ያቺን ቃል ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ ብሏት ማንም እንዳልሰማው ሳስብ አሁንም ያመኛል።

ዛሬ ተመልሼ አስተምራለሁ። ተማሪ "በቃ" ካለኝ ዓረፍተ ነገሬን ሳልጨርስ አቆማለሁ። ነቅተውብኛል። ደወሉ ሊደወል አሥር ደቂቃ ሲቀረው ከኋላ ወንበር "ቲቸር፣ በቃ!" ይሉኛል። አጭበርባሪዎች! እያወቅኩ አቆማለሁ።