ባለቤት የለውም የተባለው ቦታ

በሥራ ዘመኔ ማሽን አስፈርቶኝ አያውቅም። ጋምቤላ ውስጥ አብሮኝ የሠራ ሁሉ ይመስክር። መምህር ኦጁሉን ብቻ አትጠይቁ።

ክልሉ በተቋቋመ ሰሞን የትምህርት ቢሮው የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ተቀጠርኩ። ኮምፒውተሩ አንድ፣ ባለሙያውም አንድ። የመጀመሪያ ቀን ማብሪያውን ስጫነው «ጢጥ!» አለ። ራሴን ያገኘሁት ባሮ ድልድይ ላይ ነው። ዘበኛው ግን «እስከ በሩ ብቻ ነው የሮጠው» ይላል።

መብራት በድንገት ሲጠፋ ዲስኩ ላይ የየትኛው ፋይል እንደሆኑ የማይታወቁ ቁርጥራጮች ይቀራሉ፤ ቦታ ይይዛሉ። ማጽጃው ፕሮግራም «ሰብስቤ ፋይል ላድርጋቸው?» ብሎ ይጠይቃል። «አይ» ካሉት ይጥላቸውና ቦታው ይለቀቃል። በየጠዋቱ መልስ መስጠቱ ሰለቸኝ። ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ማጽጃው በራሱ እንዲሠራ፣ በራሱም «አይ» እንዲል አዘዝኩት። ኃላፊያችን «ጎበዝ!» አሉኝ። አንገቴ ከቀጭኔ በለጠ።

መምህር ኦጁሉ የአኝዋክኛውን የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ክረምቱን ሙሉ በሁለት ጣት ሲተይቡ ከረሙ። ዲስኩ ሞልቶ ስለነበር የመጽሐፉን የቀድሞ ቅጂ አጥፍቼው ነበር። መጽሐፉን ጨርሰው «አስቀምጥ» የሚለውን እንደተጫኑ መብራት የሚሰጠን ጀነሬተር አንዴ ተንተፋተፈና ዝም አለ፤ ማሽኑም ጠፋ።

«መጽሐፌስ?» አሉኝ።

«ቁርጥራጩ ይኖራል፣ መምህር።»

«እሺ። መብራት ሲመጣ እናያለን።»

ያን ጊዜ ማጽጃዬ ትዝ አለኝ። መብራት ሲመጣ ማሽኑ ራሱ ይነሣል፤ ማጽጃዬ «አይ» ይላል፤ መጽሐፉ ተጠርጎ ይሄዳል። ከውጭ ናፍጣ ሲቀዳ ይሰማል።

«መብራት እንዳይመጣ!» ብዬ ጮህኩ።

«ምን ሆንክ አንተ? አገር ሁሉ መብራት ይለምናል።»

ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ።

«ያንተ መጥረጊያ የኔን ልጆች መጽሐፍ ይበላል?»

«ይበላል።»

«ታዲያ ምን ቆመሃል?»

ጀነሬተሩ ዱፍ ዱፍ ማለት ጀመረ። አምፖሉ ቀላ። ሶኬቱ ከግድግዳው ተነቀለ።

ከዚያ ሶኬቱን መልሰን ማሽኑን በራሱ ዲስክ ሳይሆን በፍሎፒ ዲስክ አስነሣሁት፤ ማጽጃዬ እንዳይነቃ። ፕሮግራሙ ሲጠይቅ «አዎ» ተባለ። ቁርጥራጮቹ ቁጥር እየተሰጣቸው ፋይል ሆኑ። መምህር ስክሪኑ ላይ ተደፍተው አነበቡ።

«ዓሣው አለ። አዞው አለ። ጉማሬው ጠፍቷል።»

የጉማሬውን ገጽ እንደገና ተየቡት።

ማሽን ባለቤት የለውም ያላችሁን ቦታ ከማስለቀቃችሁ በፊት ከፍታችሁ እዩት። መጥረጊያውን ብቻውን አትልቀቁት።

ሶኬቱን የነቀሉት መምህር ኦጁሉ ናቸው። «አዎ»ንም የተጫኑት እሳቸው ናቸው። እኔ ጀነሬተሩ ሲነሣ ጆሮዬን ይዤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ቆሜ ነበር።