የእትዬ ብርቄ ቅል

እትዬ ብርቄ አሰላ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ወተት ሸጠዋል። ባለቤታቸው አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ካረፉ በኋላ የቀሩላቸው ሁለት ላሞችና አንድ የወተት ቅል ናቸው። ላሞቹን የሚያናግሯቸው በኦሮምኛ ብቻ ነው። «በአማርኛ ካዘዝኳቸው እንግዳ የመጣ ይመስላቸዋል፤ ወተት ይከለክሉኛል» ይላሉ። ቅሉን ከማለባቸው በፊት በወይራ ጭስ ያጥኑታል። ለምን ብላቸው፣ «እናቴ ታጥን ነበራ» ይሉኛል።

እኔ ደግሞ ተምሬያለሁ ባይ ነኝ። ልጄ ሀሴት የጭሱን ሽታ ጠልታ ወተቱን እየተፋች ስታስቸግረኝ፣ ነጭ ጄሪካን ገዝቼ ሰጠኋቸው።

«የእኔን በዚህ ያምጡልኝ፣ እትዬ።»

አገላብጠው አዩት። «ይሄ እኮ አይታጠንም፤ ይቀልጣል።»

«በሳሙና ይታጠባል።»

«አፉ ጠባብ ነው፤ እጄ አይገባም።»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም፤ ግን ይዘውት ሄዱ።

ወተቱን ለብ አድርጌ ብቻ ነበር የምሰጣት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሀሴትን ተቅማጥና ትኩሳት ጣላት። ሆስፒታል ስንገባ ዓይኗ ጎድጉዷል፤ ስታለቅስ እንባ የላትም። ግሉኮስ ሊሰኩላት ነርሷ ደም ሥሯን ፍለጋ ደጋግማ ስትወጋት ደግሞ ጭራሽ ማልቀሱንም ተወችው።

እትዬ ብርቄ ሰምተው መጡ። ከበሩ አላለፉም።

«ወተቴ ነው?»

«አላውቅም፣ እትዬ።»

«ስምንት ቤት ነው የማዳርሰው። ሁሉም ቤት ልጅ አለ።» ከበሩ ተመልሰው ሄዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለቡትን ጓሮ ይደፉት ገቡ።

የጎረቤታችን ልጅ ሃዊ ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ነው የምትሠራው፤ ባክቴሪያ የሚገድሉ ያገራችንን ዕፅዋት ታጠናለች። እትዬ ብርቄ አንድ ጠዋት ያለቡትን ግማሹን በቅሉ፣ ግማሹን በእኔ ጄሪካን፣ ከወይራው እንጨት ጋር ወሰዱላት። «የኔ ጥፋት ከሆነ ንገሪኝ፤ እንዳታባብዪኝ» አሏት።

ሁለት ቀን እኔና እትዬ ብርቄ ሀሴት አልጋ አጠገብ ተቀምጠን ጠበቅን። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ሁለታችንም እንደነግጣለን።

ሃዊ ራሷ መጣች። ስልኳ ላይ የሦስት ክብ ሳህኖች ፎቶ አሳየችን። የጄሪካኑ ወተት የተቀባበት ሳህን በባክቴሪያ ነጠብጣብ ተወርሯል። የቅሉ ላይ ጥቂት ነው። የጄሪካኑ ወተት በተቀባበት በሦስተኛው ላይ የወይራ ጭስ የጠጣ ቁራጭ ወረቀት ተቀምጧል፤ በዙሪያው እንደ ቀለበት ባዶ ነው፣ አንድም ነጠብጣብ አልደረሰበትም።

«ጭሱ ውስጥ የሚገድላቸው ነገር አለ» አለች። «ምን እንደሆነ ገና እየለየሁ ነው። ሀሴትን ያሳመማት የጄሪካኑ ወተት ነው ብዬ ግን መማል አልችልም። የቅሉም ቢሆን ይፈላ።»

«ሌሎቹ ቤቶች በቅሉ ነው የወሰዱት» አሉ እትዬ ብርቄ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው።

«ጄሪካኑን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

«አፉ ጠባብ ነው ብዬሽ ነበር» አሉኝ ቀስ ብለው።

ነርሷ መርፌውን ልትቀይር ስትመጣ ሀሴት አለቀሰች። እትዬ ብርቄ ጎንበስ ብለው ጉንጯን በጣታቸው ዳሰሱና ጣታቸውን ወደ እኔ ዘረጉት። እርጥብ ነበር።